የቁጥር እውነት ደንጋጊ አለው?

ሰባትና ሦስት አሥር ይሁኑ ብሎ ያወጀ ንጉሥ የለም፤ ሊሽረው የሚችልም አይገኝም። ቅዱስ አውግስጢኖስ ስለ ነጻ ፈቃድ በጻፈው መጽሐፍ ከዚህች ቀላል ድምር ተነሥቶ ሩቅ ይሄዳል። ይህ እውነት የማንም የግል ንብረት አይደለም፤ ሁላችን በጋራ እናየዋለን፤ አእምሯችን በእሱ ይፈርዳል እንጂ በእሱ ላይ አይፈርድም፤ ስለዚህ ከአእምሯችን የሚበልጥ ነገር አለ ይላል። ዴካርት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1630 ለመርሰን በጻፋቸው ደብዳቤዎች፣ ዘላለማዊ የምንላቸውን የሂሳብ እውነቶች ንጉሥ ለግዛቱ ሕግ እንደሚያወጣ እግዚአብሔር ደንግጓቸዋል ሲል ተከራከረ። በዘመናችን የሚሰማው ሦስተኛ ድምፅ ሁለቱንም አይቀበልም፦ ሂሳብ እንደ ሰንጠረዥ ጨዋታ ነው፤ ሕጉን ያወጣነውም የምንጫወተውም እኛው ነን። በሰባትና በሦስት ብቻ ይህን ክርክር መቋጨት አይቻልም። ተጠራጣሪው ጣት ከመቁጠር የመጣ ልማድ ነው ቢል መልስ ያጥራል። ከጣትም ከዓይንም የራቀ ማስረጃ ያስፈልጋል። እንዲህ ያለው ማስረጃ፣ እኔ እስከሚገባኝ፣ የአልጀብራ ኩርባዎች ሞዱላይ ሕዋ በሚባለው የጂኦሜትሪ ዘርፍ ውስጥ ሞልቷል።

የአልጀብራ ኩርባ በውስብስብ ቁጥሮች ሲታይ ገጽ ነው፤ እንደ ኳስ ቀዳዳ የሌለው፣ እንደ ቀለበት አንድ ቀዳዳ ያለው፣ ወይም ሁለትና መቶ ቀዳዳ ያለው ሊሆን ይችላል። የቀዳዳቸው ብዛት እኩል የሆነ ሁለት ኩርባዎች ግን የግድ አንድ አይደሉም። ሪማን በ1857 ባሳተመው ጽሑፍ፣ ቀዳዳው ሁለትና ከዚያ በላይ ሲሆን አንዱን ኩርባ ከሌላው ለመለየት ስንት ውስብስብ ቁጥሮች እንደሚያስፈልጉ ቆጠረ፦ የቀዳዳው ብዛት በሦስት ተባዝቶ ሦስት ይቀነስለታል። ለሁለት ቀዳዳ 3፣ ለሦስት ቀዳዳ 6 ማለት ነው። ከዚህ የተነሣው ሐሳብ ደፋር ነው፤ እነዚህ ኩርባዎች ሁሉ ተሰብስበው እያንዳንዱ ኩርባ አንዲት ነጥብ ብቻ የሚሆንበት ሌላ ሕዋ ይታሰባል። ሞዱላይ ሕዋ የሚባለው ይህ ነው። በዓይን ያየው የለም፣ ሊያየው የሚችልም የለም። የሰው አእምሮ ከራሱ ያወጣው ነገር ካለ፣ ከዚህ የተሻለ ምሳሌ የሚገኝ አይመስልም።

ሆኖም ሕዋው ላሰቡት ሰዎች አልታዘዘም። ጣሊያናዊው ሴቬሪ በ1915 የዚህ ሕዋ ነጥቦች፣ ቀዳዳው የቱንም ያህል ቢበዛ፣ በነጻ በምንመርጣቸው ተለዋዋጮች ሊገለጹ ይችላሉ ብሎ ገመተ። እስከ 10 ቀዳዳ ድረስ ግምቱ ልክ ነው፤ ውብም ለሥራ ምቹም ነበር። በ1982 ሃሪስና ማምፎርድ ቀዳዳው ሲበዛ ግምቱ ሐሰት እንደሚሆን አረጋገጡ፤ በ1987 ደግሞ አይዘንባድና ሃሪስ ከ24 ቀዳዳ ጀምሮ ሕዋው ሴቬሪ ከጠበቀው ጋር ፈጽሞ የማይስማማ ጠባይ እንዳለው አሳዩ። ሕግ አውጪ ሕጉን እንደ ፍላጎቱ ያወጣል፤ እዚህ ግን ፍላጎት መልስ ሳያገኝ ቀረ።

ከዚህም የሚጠነክር ማስረጃ አለ፤ እሱንም አንባቢው በራሱ እጅ ሊያሰላው ይችላል። ባለ ስድስት ጎን ቅርጽ ወስደን ትይዩ ጎኖቹን እርስ በርስ ብናጣብቅ አንድ ቀዳዳ ያለው ቀለበት ይሆናል፤ መሐሉ ላይ አንድ ነጥብ ምልክት እናድርግ። ባለ አራት ጎኑም እንዲሁ ቀለበት ይሰጣል። ከእነዚህ ሁለት በቀር በዚህ መንገድ ቀለበት የሚሠራ መሠረታዊ ቅርጽ የለም። የባለ ስድስቱ ጎኖች ሦስት ርዝመቶች አሏቸው፤ አጠቃላይ መጠኑን ከተውነው በሁለት አቅጣጫ ይለዋወጣል። ባለ አራቱ ሁለት ርዝመት ስላለው የሚለዋወጠው በአንድ አቅጣጫ ብቻ ነው። የኦይለር ቁጥር የሚባለው የቶፖሎጂ ልኬት ባለ ሁለት አቅጣጫውን ይደምራል፣ ባለ አንድ አቅጣጫውን ይቀንሳል። ባለ ስድስቱ በስድስት መንገድ ዞሮ ራሱ ላይ ስለሚገጥም አንድ ስድስተኛ ሆኖ ይቆጠራል፤ ባለ አራቱ አንድ አራተኛ። ከ1/6 ላይ 1/4 ሲቀነስ −1/12 ይሆናል። ይህ ቁጥር ለሂሳብ ሰዎች አዲስ አይደለም። ኦይለር በ18ኛው ክፍለ ዘመን ያጠናውና ሪማን በ1859 ከዋነኛ ቁጥሮች ስርጭት ጋር ያቆራኘው የዜታ ፋንክሽን በ−1 ላይ የሚሰጠው ዋጋ በትክክል −1/12 ነው። በአጋጣሚ ነው እንዳንል፣ ሃረርና ዛጊየር በ1986 ለማንኛውም የቀዳዳ ብዛት እንዲሁ መሆኑን አረጋገጡ፤ ለሁለት ቀዳዳ ዜታ በ−3 ላይ የሚሰጠው 1/120 ይመጣል። ጎን ከጎን የሚያጣብቅ ሰው ስለ ዋነኛ ቁጥሮች አንድም ነገር አላሰበም። መልሱ ግን እዚያ ነበር።

በ1991 የፊዚክስ ሊቁ ዊተን በሁለት ልኬት ብቻ ስላለ የስበት ኃይል ሲያጠና፣ በሞዱላይ ሕዋ ላይ ያሉ አንዳንድ ቁጥሮች፣ ለአንድ ቀዳዳ 1/24፣ ለሁለት ቀዳዳ 1/1152 የመሳሰሉት፣ ጥልቀት በሌለው ውኃ ላይ የሚሄድን ማዕበል ለመግለጽ ለወጣ እኩልታ እንደሚታዘዙ ገመተ። ኮንትሴቪች በ1992 ልክ ከላይ እንዳየነው ዓይነት የሚጣበቁ ቅርጾችን በመቁጠር ግምቱን አረጋገጠ። ኦኩንኮቭና ፓንዳሪፓንዴ ኩርባዎች ኳስን የሚሸፍኑባቸውን መንገዶች ቆጥረው እዚያው ደረሱ። ቴህራን የተወለደችው ማርያም ሚርዛካኒ ደግሞ በ2007 ባሳተመችው ሥራ፣ በጎበጡ ገጾች ላይ ያሉ ዝግ መንገዶችን ርዝመት ይዛ የሕዋውን ይዘት ለካችና ያንኑ እኩልታ አገኘች። የፊልድስ ሜዳሊያን ከተቀበሉት ሴቶች የመጀመሪያዋ እሷ ናት፤ በ2017 በ40 ዓመቷ ማረፏ እስካሁን የሚያሳዝን ነው። እንግዲህ አንዱ ይቆጥራል፣ አንዱ ይሸፍናል፣ አንዷ ትለካለች፤ የሚደርሱበት ግን አንድ ነው።

ተጠራጣሪው እዚህ ላይ የሚናገረው አለው፤ ንግግሩም ተራ አይደለም። ሁሉም ያንኑ ሂሳብ ተምረዋል፣ ያንኑ መነሻ ሕግ ተቀብለዋል፤ መድረሻቸው አንድ ቢሆን ምን ይደንቃል? አልፎም ምርጫችንን ይቆጥርብናል። ዞሮ ራሱ ላይ የሚገጥመውን ቅርጽ በክፍልፋይ የቆጠርነው እኛ ነን። ሕዋው ጫፍ ስለሌለው በ1969 ደሊኝና ማምፎርድ ጫፍ ሰጡት፤ ያ ጫፍ ግን ብቸኛው አማራጭ አይደለም። ይህን ሁሉ እቀበላለሁ። ምርጫው ጥያቄውን የኛ ያደርገዋል። መልሱን ግን ማን መረጠው? ሰንጠረዥም ቢሆን ሕጉን ያወጣው ሰው የትኛው አሰላለፍ ማሸነፊያ እንዳለው አላወጀም፤ ያ ከሕጉ ውስጥ ሳይታሰብ የሚገኝ ነገር ነው። ምሳሌው ለተጠራጣሪው የሚጠቅመው እዚህ ላይ ሳይደርስ ቢቆም ብቻ ነው። ከመነሻ ሕጉ የሚከተለው ነገር መከተሉ በራሱ ከሰው ፈቃድ ውጭ ነው፤ ስንስማማ የማንሠራው፣ ስንጣላም የማናፈርሰው።

ከባዱ ጥያቄ የፈላስፋው የቤናሰራፍ ነው። በ1973 እንደጠየቀው፣ የሂሳብ ነገሮች በቦታና በጊዜ ውስጥ ካልሆኑ፣ ከእነሱ ወደ እኛ የሚመጣ ብርሃንም ድምፅም ከሌለ፣ እንዴት እናውቃቸዋለን? ሞዱላይ ሕዋ በሰማይ የተቀመጠ ዕቃ ነው ለሚል ሰው ይህ ጥያቄ ገዳይ ነው። እኔ ግን ዕቃ ነው አላልኩም። ማስረጃው የሚያሳየው ግዴታን ነው፤ እንዲህ ካልህ እንዲያ ማለት ይገባሃል የሚል፣ ሰውን ሁሉ እኩል የሚይዝ ግዴታ። እሱን የምናውቀው በማየት ሳይሆን በማረጋገጥ፣ ሌላ ማለት እንደማይቻል ራሳችን በመድረስ ነው። አውግስጢኖስ ከአእምሯችን በላይ ያለው ነገር እስከዚህ ድረስ ይጸናል። ከዚህ አልፎ ያ ነገር ጸሎት የሚሰማ አምላክ ነው ለማለት ሌላ ምስክር ያስፈልጋል፤ ቁጥር ብቻውን ያን አይናገርም።

ዴካርትን ግን መከተል አልችልም። እሱ የፈራው እውነት ከእግዚአብሔር ፈቃድ ውጭ ከሆነ እግዚአብሔር ለሌላ ነገር ተገዢ ይሆናል ብሎ ነው፤ ፍርሃቱ ከአክብሮት የመጣ ነው። ነገር ግን −1/12 በትእዛዝ ሌላ ይሁን ብንል፣ ባለ ስድስት ጎኑ ስድስት ጊዜ መግጠሙን ይተዋል፣ ዜታም ሌላ ይሆናል፣ ከእሱ ጋር የዋነኛ ቁጥሮች ስርጭት፣ ከዚያም ማባዛት ራሱ። በመጨረሻ ትእዛዙ የሚለውጠው ነገር አይቀርም፤ ስድስት የሚለው ቃል እንኳ የሚያመለክተው ያጣል። ላይብኒዝ ዴካርትን ሲቃወም ዘላለማዊ እውነቶች በእግዚአብሔር ማስተዋል ውስጥ አሉ እንጂ ከፈቃዱ የወጡ አይደሉም አለ። ለአማኝ ይህ የሚሻል ይመስለኛል፤ ራሱን የሚያውቅ በሚያውቀው ነገር አይገዛምና።