ዛፉ የሌለበት ቀለበት

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

እኛ የሰንበት ትምህርት ቤቱ ወጣቶች በደቡብ እንግሊዝ በዶርሴት አውራጃ የሚገኘውን ድንጋይ የሆነ ደን አይተን ስለ ተመለስን፣ በልባችን ያደረውን ለእናንተ ማካፈል ተገቢ መስሎ ታየን። ስፍራው ከለልወርዝ ባሕረ ሰላጤ በስተ ምሥራቅ፣ በባሕር ዳር በእግር ብዙም የማያስኬድ ነው። ጠረፉ በ2001 እ.ኤ.አ. በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። መሬቱ የጦር ሠራዊቱ የተኩስ መለማመጃ ስለ ሆነ በአብዛኛው የሚከፈተው ቅዳሜና እሑድ ነው፤ እኛም እሑድ ቅዳሴ ስላለ ቅዳሜ ሄድን።

ደን ሲባል የቆመ ዛፍ የሚጠብቅ ሰው እዚያ ሲደርስ ያዝናል። በገደሉ ወገብ በተዘረጋው የድንጋይ መደብ ላይ የሚታየው፣ መካከሉ ጎድጓዳ የሆነ ክብ ክብ ድንጋይ ብቻ ነው። ትልቅ የጀበና ማቶት ይመስላል።

ሊቃውንት እንደሚያስረዱት፣ ከ145 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት በዚያ ጥድ የሚመስሉ ዛፎች በቅለው ነበር። ኋላ ጨዋማ ውኃ መሬቱን ሸፈነው፤ ዛፎቹም ሞቱ። በውኃው ውስጥ የሚኖሩ በዓይን የማይታዩ ጥቃቅን ሕይወታውያን በየግንዱ ሥር ተጣብቀው፣ ኖራና ደለል እየያዙ ወፍራም ሽፋን አበጁ። ሽፋኑ ድንጋይ ሆነ፤ ግንዱ ግን ጠፋ። ድንጋይ ሆኖ ከቀረው እንጨትም ብዙውን ሰዎች ለቅመው ወስደውታል።

የዘመኑን ቁጥር ሲሰሙ ከመካከላችን የተጨነቁ ነበሩ፤ አባቶቻችን ከአዳም እስከ ክርስቶስ ልደት 5500 ዘመን ይቆጥራሉና። እኛ ግን በባሕረ ሐሳብ ድንጋዩን መካድ፣ በድንጋዩም ፈጣሪን መካድ ሁለቱም አይገባም እንላለን። ይልቁንስ ያከራከረን ቀለበቱ ነው።

ቀለበቱን ያየ ሰው የዛፉን ውፍረት መገመት ይችላል። ከዛፉ ግን አንዲት ቅጠል እንኳ በላዩ የለችም። በባዕድ አገር የምንኖር እኛስ? ነጠላችንን አጣፍተን እንመጣለን፤ ከበሮው አለ፤ ለፋሲካ ዶሮው አይጎድልም፤ መዝሙሩንም አማርኛ ማንበብ የማንችለው በእንግሊዝ ፊደል ጽፈን እንዘምራለን። ይህ ሁሉ አይናቅ። ቀለበቱ ባይኖር ኖሮ በዚያ ገደል ላይ ዛፍ እንደ ነበረ ማን ይነግረን ነበር? ከመካከላችን አንዲት እኅት፣ «ለልጆቻችን ቀለበቱ ቢተርፋቸው ከምንም ይሻላል» አለች። ሌላው ወንድም ግን «ቀለበት ዘር አይጥልም» ብሎ መለሰላት፤ እኛም ለእርሱ አደላን። ጌታ ራሱን የወይን ግንድ፣ እኛንም ቅርንጫፍ ብሎ በጠራ ጊዜ (ዮሐ. 15) የተናገረው ስለ ሕያው ተክል ነው። በቅርንጫፉና በግንዱ መካከል የሚተላለፈው እርጥበት ጸሎት፣ ቃሉን ማስተዋል፣ የታመመውን መጠየቅ ነው። ዲያቆኑ «ተንሥኡ» ሲል ተነሥተን የምንመልሰው ምን ማለት እንደ ሆነ ስንቶቻችን እናውቃለን? ከሰሞኑ ቦታው ባዶ የሆነውን ወንድም ማን በሩን አንኳኳ?

የለልወርዝ ዛፎች አይመለሱም። እኛ ግን ገና ድንጋይ አልሆንንም። ስለዚህ ከመጪው እሑድ ጀምሮ፣ ከመዝሙር ጥናት በፊት ግማሽ ሰዓት የቅዳሴውን ተሰጥዎ በአማርኛ እየተረጐምን እንማራለን። የቀሩትንም ሁለት ሁለት እየሆንን ቤታቸው ሄደን እንጠይቃለን፤ የተመደቡት ስም ዝርዝር በአዳራሹ በር ላይ ተለጥፏል።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።