ፍሬ ለማን ነው?

በአማርኛ «ፍሬ» የሚለው ቃል የተለያዩ ነገሮችን በአንድ ስም ይጠራል፤ የሚበላው ማንጎ ፍሬ ነው፣ በሆዱ ያለው ዘርም ፍሬ ነው፣ ዕድሜው ገና ለጋ የሆነ ሕፃንም «አንድ ፍሬ ልጅ» ይባላል። ይህ ለአስተማሪ እንቅፋት ቢመስልም ቋንቋው የነገሩን ባሕርይ በትክክል ይዞታል፤ ፍሬ ማለት አበባው ከረገፈ በኋላ ዘሩን አቅፎ የሚቀረውና እያደገ የሚበስለው የተክሉ ክፍል ነውና።

«ዛፍ ለምን ያፈራል?» ብሎ ለሚጠይቅ ልጅ «እንድንበላው» ማለት የተለመደ ነው፤ አርስቶትልም ዕፅዋት ለእንስሳት፣ እንስሳትም ለሰው ጥቅም እንዳሉ አስተምሯል። በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን የሥነ ፍጥረት ትምህርት ውስጥ ግን የዕለታቱ ቅደም ተከተል ራሱ ጠለቅ ያለ መልስ ይዟል። በእጅ የሚለቀሙ አትክልት፣ በማጭድ የሚታጨዱ አዝርዕትና በምሳር የሚቆረጡ ዕፅዋት የተገኙት በ3ኛው ዕለት፣ ማክሰኞ ሲሆን፣ ወፎች ሐሙስ፣ የምድር እንስሳትና ሰው ደግሞ ዓርብ ተፈጥረዋል፤ ፍሬ እንግዲህ በላተኛ ከማግኘቱ በፊት ፍሬ ነበረ። ኦሪት ዘፍጥረትም በ3ኛው ዕለት ትረካ ፍሬን የሚያስተዋውቀው በውስጡ ባለው ዘር ነው፤ ለመብልነት መሰጠቱ የሚነገረው በ6ኛው ዕለት ነው።

የዕፅዋት ጥናት የሚያስረዳውም ከዚህ ጋር አይጣላም። ዛፍ ከቆመበት አይንቀሳቀስም፤ ዘሮቹ ሁሉ ከሥሩ ቢወድቁ ደግሞ በጥላው ታፍነው ውኃና ብርሃን ይሻማሉ፤ ስለዚህ ዘሩ እንደ ወፍ ያለ ተሸካሚ ይሻል፣ ጣፋጩ ሥጋም የተሸካሚው ደመወዝ ነው። ዘሩ ሳይጠና ፍሬው አረንጓዴ ሆኖ የሚመረው ወይም የሚጎመዝዘው፣ ሲጠና ቀልቶ ወይም ቢጫ ሆኖ የሚጣፍጠው ተሸካሚው ያለጊዜው እንዳይመጣ ነው። በጣና ዳር በዘጌ ደን በዛፎች ጥላ ሥር የሚበቅለው ቡና እንኳ ሲበስል ቀይና ጣፋጭ ልብስ አለው፤ የሰው ልጅ ግን ልብሱን ገፎ ዘሩን ይቆላል።

በርግጥ ዛፍ አስቦ አያደርገውም፤ «ለምን» የሚለው ጥያቄ «በምን ምክንያት» እና «ለምን ዓላማ» ተብሎ ሲከፈል፣ የመጀመሪያውን ጥናት ይመልሰዋል፣ ሁለተኛውን እምነት ይሸከመዋል፤ ሁለቱን ማደባለቅ ሁለቱንም ይጎዳል። በዱርቤቴ ከተማ ከዋንዛ ዛፍ ሥር ቆሞ የሚያጣብቀውን ቢጫ ሥጋ ከመጠጠ በኋላ ጠንካራውን ፍሬ ራቅ አድርጎ የሚተፋ ሕፃን፣ የበላው የተሰጠውን ድርሻ እንደሆነና በዚያችው ቅጽበት የወፍን ሥራ እንደሠራ ሊነገረው ይገባል።