የማይበላው ስንቅ

ካናዳ ድንበር ላይ ከምትገኘው የሚኒሶታ ከተማ ከኢንተርናሽናል ፎልስ በየዓመቱ በክረምቱ እምብርት፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ጥር ሊያልቅ ሲል፣ «አሮውሄድ 135» የሚባል ውድድር ይነሳል። ቁጥሩ ርቀቱን በማይል የሚናገር ሲሆን 217 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። ተወዳዳሪው በእግሩ፣ በስኪ ወይም ጎማው በወፈረ ብስክሌት ጫካውን አቋርጦ በ60 ሰዓት ውስጥ መድረስ አለበት። ብርዱ ከዜሮ በታች 30 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ቢወርድ በዚያ አገር የሚደነቅ የለም።

ያለ ስንቅና ያለ ዕቃ መነሳት አይቻልም። ከዜሮ በታች 29 ዲግሪ የሚቋቋም የመኝታ ከረጢት፣ ምንጣፍ፣ ትንሽ ምድጃ ከነነዳጁ፣ አንገት ላይ የሚንጠለጠል ፊሽካ ግዴታ ናቸው። ከሁሉ የሚገርመው ግን የምግቡ ደንብ ነው። ተወዳዳሪው የፈለገውን እየበላ ይጓዛል፤ የመጨረሻውን መስመር ሲረግጥ ግን 3,000 ካሎሪ ሳይነካ በእጁ መገኘት አለበት። ግማሽ ኪሎ የለውዝ ቅቤ የያዘ ብልቃጥ ያህል ማለት ነው። እየራበው ያንን ብልቃጥ ከዕቃው ጋር በሸርተቴ ሁለት ሌሊት ሙሉ ይጎትታል።

በፈቃድ መከራ መቀበል ለኢትዮጵያዊ አንባቢ እንግዳ ነገር አይደለም። ሁዳዴን 55 ቀን የሚጾም፣ የዋልድባ መነኮሳትን ኑሮ እየሰማ ያደገ ሰው ሥጋን ማድከም ምን እንደሆነ ያውቃል። ስለዚህ ጥያቄው ቶሎ ይመጣበታል፦ ባሕታዊው በአምላኩ ተማምኖ ባዶ እጁን በረሃ ሲገባ፣ ይሄኛው በመኝታ ከረጢት ተማምኖ በረዶ ውስጥ መግባቱ ፈተናውን አያረክሰውም? ዕቃ ማብዛት እምነት ማነስ አይደለም?

አይደለም። ወንጌሉ ራሱ ከመቅደሱ ጫፍ ዝለል፣ መላእክት ይቀበሉሃል የሚለውን ምክር ያቀረበው ፈታኙ መሆኑን ይነግረናል፤ ክርስቶስም እምቢ አለ። አሪስቶትልም በሥነ ምግባር መጽሐፉ ድፍረትን በፍርሃትና በጀብደኝነት መካከል አስቀምጦ፣ ምንም ነገር የማይፈራውን ሰው ከዕብድ ወይም ሕመም ከማይሰማው ቆጥሮታል። ሁለቱ በብዙ ነገር ባይገናኙም እዚህ ላይ ተገናኝተዋል።

ልምምዱን በቅርብ ያየ ሰውም ዝግጅት እምነት ማነስ አለመሆኑን አይስተውም። ጉልበት አንዱ ክፍል ብቻ ነው፤ በረዶ ሳይጥል የመኪና ጎማ በወገብ አስሮ በመጎተት ይገነባል። ከባዱ ራስን መግታት ነው። በዚያ ብርድ ትልቁ ጠላት ላብ ነው፤ እርጥብ ልብስ፣ ሰውዬው መሄዱን ባቆመ ቅጽበት ሙቀቱን ይመጠዋል። ስለዚህ ሯጩ ዳገቱን ከመውጣቱ በፊት ጃኬቱን መክፈት፣ መፍጠን ሲችል ማዝገም ይማራል። በገዛ ጓሮው፣ ብርዱ በበረታበት ሌሊት፣ ከረጢቱ ውስጥ ተኝቶ ይሞክራል። ምድጃውንም በደነዘዙ ጣቶች መለኮስ ይለማመዳል። ተራው የቡቴን ጋዝ ከዜሮ በታች ስለማይተን፣ ይህን ያላወቀ ሰው የተሸከመው ባዶ ቆርቆሮ ሆኖ ይቀራል። ውሃውም ካልተሸፈነ ድንጋይ ይሆናል። ይህን ሁሉ አስቀድሞ የሚያስብ ሰው ትሑት ነው እንጂ ፈሪ አይደለም፤ አቅሙን ያውቃል።

ሁሉ ነገር ከተዘጋጀ መከራው ጨዋታ ነው የሚሉ አሉ። እውነታቸውን ነው፤ ጨዋታ ነው፤ ጨዋታ መሆኑም መታወቅ አለበት። ከዚያው ድንበር በስተምዕራብ፣ የካናዳዋ የማኒቶባ ግዛት ከተማ ኤመርሰን አጠገብ፣ በጥር 2022 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር፣ ከሕንድ የመጣ ቤተሰብ ከነሁለት ልጆቹ በሌሊት ወደ አሜሪካ ለመሻገር ሲሞክር በረዶው ውስጥ ሞቶ ተገኝቷል። ነፋሱ ሲታከልበት ብርዱ ከዜሮ በታች 35 ዲግሪ ነበር። ለእነርሱ ደንብ አውጥቶ ከረጢትና ምድጃ ያስያዛቸው አልነበረም። ስፖርተኛውን ከስደተኛው እኩል በመከራ ማወደስ ነውር ነው።

እንግዲህ የተወዳዳሪው ክብር ከየት ይመጣል? በዚህ ጸሐፊ ግምት ከዚያ ካልተነካው ብልቃጥ ነው። አንድ ሰው ጫካ መካከል ቢወድቅ፣ በውድቅት ሌሊት ስኖውሞቢል አስነስቶ የሚፈልገው በጎ ፈቃደኛ አለ። ያ ሰው እስኪደርስ ብዙ ሰዓት ሊያልፍ ይችላል፤ እርሱም ብርድ ይፈራል፤ እርሱም ቤተሰብ አለው። ሯጩ ራሱን ችሎ የሚቆይበት ስንቅ ካለው አዳኙ ሳይጣደፍ፣ ሳይሞት ይደርሳል። ሥጋን ማድከም የራስ ጉዳይ ነው፤ ስንቅ መያዝ ግን ለሌላው ሰው የሚከፈል ዕዳ ነው። ብዙዎቹ ጀብዱ አድናቂዎች ይህን ሁለተኛውን ይዘነጉታል።

በሚኒሶታና በሌሎች ብርዳማ ግዛቶች የምትኖሩ ወገኖች ውድድሩ ባይመለከታችሁም ደንቡ ይመለከታችኋል። ክረምቱ ሳይገባ የመኪናችሁን የኋላ ዕቃ ማስቀመጫ ክፈቱና ብርድ ልብስ፣ አካፋ፣ የእጅ ባትሪና የማትነኩት ምግብ አስቀምጡበት።