የመንጋጋ ዕረፍት

ጣትዎን ከጆሮዎ ቀዳዳ ፊት ለፊት አሳርፈው አፍዎን ቀስ ብለው ይክፈቱ። ከጣትዎ ሥር አጥንት ሲዞር፣ ቀጥሎም ወደ ፊት ሲንሸራተት ይሰማዎታል። የታችኛው መንጋጋ ከራስ ቅል ጋር የሚገናኘው እዚህ ነው። በሁለቱ አጥንቶች መካከል ስስ ዲስክ አለ። ግራና ቀኙ ሁልጊዜ አብረው ስለሚንቀሳቀሱ አንዱ ሲታመም ሌላውም ሥራው ይዛባል። ስለዚህ መገጣጠሚያ ካወቅሁት ሁሉ ደጋግሜ የማሰላስለው አንድ ነገር ነው፦ ጤነኛ ሰው ዝም ብሎ ሲቀመጥ የላይና የታች ጥርሱ አይነካካም። ከንፈሩ ቢገጥምም በጥርሶቹ መካከል ጥቂት ሚሊ ሜትር ክፍተት ይኖራል። ማኘኩም መዋጡም ተደምሮ ጥርስ ከጥርስ የሚገናኘው በቀን ከ20 ደቂቃ ብዙም እንደማያልፍ ይገመታል። የቀረው ጊዜ የዕረፍት ነው።

ይህ ዕረፍት የጎደለባቸውን ሰዎች በወለጋ፣ ነቀምቴም፣ ጊምቢም፣ ሻምቡም አይቻለሁ። ብዙዎቹ ሕመማቸውን በሌላ ስም ይጠሩታል። «ጆሮዬን ነው»፣ «የመጨረሻው ጥርሴ ነው»፣ «ራሴን ነው» ይላሉ። ሕመሙ በእርግጥ እዚያ ይሰማቸዋል፤ መገጣጠሚያው ከጆሮ ቀዳዳ ጋር ጎረቤት ነው፣ የማኘኪያ ጡንቻዎችም ሕመማቸውን ወደ ጥርስና ወደ ራስ ይልካሉ። ችግሩ የሚመጣው መርማሪውም ያንኑ አምኖ ሲቀበል ነው። ያኔ ላልቆሰለ ጆሮ ጠብታ ይታዘዛል፣ ያልበሰበሰ ጥርስ ይነቀላል።

ነቀምቴ ላይ አንዲት ጎረቤቴን አጅቤ ወደ ሐኪም ሄጄ ነበር። ሻሻቸውን ከአገጫቸው ሥር አጥብቀው አስረዋል። ለዚሁ ሕመም ቀደም ሲል ሁለት ጥርስ አስነቅለው ሕመሙ አልለቀቃቸውም። የተቀበለቻቸው ወጣት የጥርስ ሐኪም መሣሪያ አላነሳችም። «አደ፣ የራስዎን ሦስት ጣት እንዲህ ደርድረው ወደ አፍዎ ያስገቡልኝ» አለቻቸው። ሁለቱ ገቡ፤ ሦስተኛው እምቢ አለ። ጤነኛ ጎልማሳ አፉን ከ40 እስከ 50 ሚሊ ሜትር ያህል ይከፍታል፣ ሦስት ጣት ማለት ነው። ጉንጫቸውን በሁለት ጣቷ ጫን ስታደርግ «ዋይ!» አሉ፤ የታመመው ጡንቻው ነበር።

«የሚብስዎት ሲነጋ ነው ሲመሽ?»

«ሲነጋ ነው ልጄ። ሌሊቱን ድንጋይ ሳኝክ ያደርኩ ይመስለኛል።»

«ምን ያሳስብዎታል?»

ጥቂት ዝም ብለው ስለ ልጃቸው አወሩ። ሾፌር ነው፤ በደምቢዶሎ መስመር ይሠራል። ካልደወለ እንቅልፍ አይወስዳቸውም።

ጭንቀት ብቻውን ይህን ሕመም ያመጣል ማለት አይደለም። የተመታ መንጋጋ፣ የመገጣጠሚያ ብግነት፣ እንቅልፍ ማጣት፣ ቀን ላይ ሳይታወቅ ጥርስን የመግጠም ልማድም አሉበት፤ በሴቶች ላይም ይበዛል። ነገር ግን ጥርሱን ነክሶ የቻለ ሰው በሚመሰገንበት አገር፣ ያ መቻል በሥጋ ላይ የት እንደሚያርፍ የሚጠይቅ ጥቂት ነው። በ2012 ዓ.ም. በብዙ የወለጋ አካባቢዎች ስልክና ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ ነበር። ከዚያ ወዲህም ሰው የዘመድ ድምፅ የናፈቀባቸው፣ መንገድ የተፈራባቸው ጊዜያት አልፈዋል። ይህ ሁሉ በስንት ሰው መንጋጋ ላይ እንዳረፈ የቆጠረ የለም። እኔ ግን «የት ያምዎታል?» ከሚለው ቀጥሎ «ምን ያሳስብዎታል?» የሚለው ጥያቄ የምርመራው አካል ነው ብዬ አምናለሁ፤ የጨዋነት ብቻ አይደለም።

ይህን ሕመም ከመጠን በላይ በማከም የሀብታም አገር ሰዎችም ተጎድተዋል። እ.ኤ.አ. በ1934 ጄምስ ኮስተን የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም የጆሮና የፊት ሕመምን ከጥርስ አገጣጠም መዛባት ጋር አያይዞ ጻፈ። ከዚያ በኋላ የስንቱ ደህና ጥርስ ተሞረደ! በ1980ዎቹ ደግሞ ከፕሮፕላስትና ከቴፍሎን የተሠራ ሰው ሠራሽ ዲስክ በብዙ አሜሪካውያን መንጋጋ ውስጥ ተተከለ። እየተፈረፈረ አጥንታቸውን በላው፤ በ1990ዎቹ መጀመሪያም እንዲቀር ተደረገ። ዛሬ የሚመከረው መመለስ በሚቻል ሕክምና መጀመር ነው።

ሐኪሟም ለጎረቤቴ ያዘዘችው ይህንኑ ነው። ለጥቂት ሳምንታት ቆሎ፣ የተጠበሰ በቆሎ፣ ሸንኮራና ጥሬ ሥጋ ይቅር፤ ጫትና ማስቲካ የሚያኝኩም እንደዚሁ። በሞቀ ውሃ የተነከረ ጨርቅ በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ ጉንጭ ላይ ይዋል። ሲያዛጉ አገጭን በጡጫ ደገፍ ማድረግ፤ ምላስን ላንቃ ላይ አሳርፎ ጥርስን ማለያየት። የጨጓራ ወይም የኩላሊት ችግር የሌለበት ሰው በባለሙያ ምክር ለአጭር ጊዜ አይቡፕሮፌን ሊወስድ ይችላል። ሌሊት ጥርስ ላይ የሚጠለቅ ፕላስቲክ የሚረዳቸው አሉ፣ የማይረዳቸውም አሉ። መንጋጋው ቀጭ እያለ ሕመም የሌለው ሰው ግን ምንም ሕክምና አያስፈልገውም። ወለጋ ደግሞ ለለስላሳ ምግብ አይቸገርም። ገንፎ አለ፤ ተቀቅሎና ተፈጭቶ በቅቤ የሚታሸው አንጮቴ የተባለው ሥራ ሥርም አለ። አጥንቱ ለተሰበረ ሰው አንጮቴን ያበሉ የነበሩ እናቶች ለታመመ መንጋጋም ይህን ባይነፍጉት ደስ ይለኛል።

መንጋጋው ወልቆ አፉ ተከፍቶ የቀረ ሰው ጉዳይ ሌላ ነው። በብዙ ቦታ መጀመሪያ የሚጠራው ወጌሻ ነው፤ ይህን ደግሞ አልንቀውም። የዲዴሳ ወንዝ ውሃ በዓባይ በኩል በሚወርድባት ግብፅ፣ ከ3,500 ዓመት በላይ ባስቆጠረ ፓፒረስ ላይ አውራ ጣቶችን ወደ አፍ ውስጥ፣ ሌሎቹን ከአገጭ ሥር አድርጎ የወለቀ መንጋጋን መመለስ ተጽፏል። ዛሬም በሆስፒታል የሚደረገው የዚያው ዘመድ ነው። የወለቀው በምት ወይም በመውደቅ ከሆነ ግን አጥንቱ ተሰብሮ ሊሆን ስለሚችል ራጅ ሳይነሳ ማንም አይጎትተው። ቁስል ያለበት ሰው መንጋጋው እየጠነከረ አልከፈት ካለም የሚያስፈራው መንጋጋ ቆልፍ ነው፤ ጨርቅ እያሞቁ የሚጠብቁት ሕመም አይደለም፣ በዚያው ሰዓት ሆስፒታል መድረስ አለበት።

ከነቀምቴ አዲስ አበባ 330 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ያንን መንገድ ለሕክምና በእርግጥ መሄድ ያለባቸው አሉ፤ በተለይ ሕፃናት። ልጅ ከዛፍ ወይም ከደረጃ ወድቆ አገጩን ሲመታ ቁስሉ ቶሎ ይድናል፣ ቤተሰቡም ይረሳዋል። ከጆሮው ፊት ያለው አጥንት ግን ተጎድቶ ከሆነ በወራትና በዓመታት ውስጥ ከራስ ቅሉ ጋር ሊጣበቅ ይችላል። አፉ እየጠበበ፣ አገጩ ሳያድግ ይቀራል፤ ያኔ ማሸትም ሆነ ለስላሳ ምግብ አይፈታውም፣ የመንጋጋ ቀዶ ሕክምና ባለሙያ ያስፈልገዋል። አገጩን የተመታ ልጅ ያላት እናት ቁስሉ ከዳነ በኋላም በየሳምንቱ የልጇን ሦስት ጣት ወደ ልጇ አፍ ታስገባ። አንዱ ጣት ባለፈው ሳምንት ገብቶ በዚህ ሳምንት እምቢ ካለ፣ ገና በጊዜ ነው፤ ይዛው ትሂድ።