የሁለቱ የቲሞች ግድግዳ



ወንድሜ፣ እህቴ! ዛሬ ጁሙዓ ነውና ሱረቱል ካህፍን አንብባችሁ ይሆናል። 77ኛው አንቀጽ ላይ ትንሽ ቆም በሉ። ሙሳና ኸድር (ዐ.ሰ) ለአገሩ እንግዳ ናቸው፤ ርቧቸዋል። የከተማዋን ሰዎች ምግብ ቢጠይቁ ማስተናገድ እምቢ አሏቸው። በዚያችው ከተማ ሊወድቅ ያዘመመ ግድግዳ አገኙና ኸድር አቃኑት። ሙሳ ተገረሙ፤ ቢያንስ ዋጋ ይቀበሉበት ነበር እኮ! መልሱ 82ኛው ላይ አለ። ግድግዳው የሁለት የቲሞች ነው፤ ከሥሩ የእነሱ ሀብት ተቀብሯል፤ አባታቸውም ደግ ሰው ነበር። የቲሞቹ ማን እንደሠራላቸው ይወቁ አይወቁ እንኳ አልተነገረንም።

ከመካከላችን "ውጭ አገር ሄጄ ለድሃ ቤተሰብ ቤት ብሠራ" ብሎ የሚመኝ ብዙ ነው። መልካም ኒያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1976 አሜሪካ ውስጥ የተመሠረተው ሃቢታት ፎር ሂዩማኒቲ ከ1993 ጀምሮ አገራችን ውስጥ ይሠራል፤ የማያውቁትን ቤተሰብ ቤት ለመሥራት ባሕር አቋርጠው የመጡ አሉ። ሙስሊም አይደሉም ብለን ድካማቸውን አናቃልልም።

አንበሳሜ አካባቢ ግን ለዚህ ትኬት አያስፈልግም። እዚያ ቤት የአንድ ሰው ሥራ ሆኖ አያውቅም። ባሕር ዛፉ ተቆርጦ ይቆማል፣ ማገሩ ይመታል፣ ጭቃው ከጤፍ ጭድ ጋር በእግር ተረግጦ ለቀናት ይቦካል፤ ከዚያ ደቦ ይጠራል። ሙስሊም ነህ ክርስቲያን ነህ የሚል የለም። ችግሩ ሌላ ነው፤ ደቦ የጠራ ሰው ማብላት ማጠጣት አለበት። ስለዚህ ምንም የሌላቸው እናት ግድግዳቸው እያዘመመ ዝም ይላሉ። ደቦ የሚጠሩበት አቅም የላቸውማ!

ኸድር የሠሩት ባላበሏቸው ሰዎች ከተማ ነው።

በነገራችን ላይ፣ በጎ ፈቃድ የምናስታውሰው ክረምት ላይ ነው። ዝናብ እየወረደ የተመረገ ጭቃ ግን አይደርቅም። ክረምቱን ለሚያፈስ ጣሪያ አድርጉት፤ ምርጊቱን አዝመራ ተሰብስቦ ጭድ ከአውድማ ሲገኝ ያዙት።

ስትሄዱ ቆሏችሁንና ውሃችሁን ያዙ። እማማ "ቡና ላፍላላችሁ" ካሉ እንቢ አትበሏቸው፤ ክብራቸው ነው። ስልካችሁ ግን ከኪሳችሁ አይውጣ። ያዘመመ ቤታቸው ለእኛ ገጽ ፎቶ አይደለም።

መልካም ጁሙዓ።