ትምህርት በማን ልክ ይሰፈር

ለተማሪ ትምህርት የሚያሰናዳ መምህር ሁሉ አስቀድሞ ሊመልሰው የሚገባው አንድ ጥያቄ አለ፤ ይኸውም ትምህርቱ የሚሰፈረው በመምህሩ እውቀት ልክ ነው ወይስ በተማሪው አቅም ልክ? የሚል ነው። ነገሩ የሥራ ብልሃት ብቻ ቢመስልም የፍርድ ነገር ነው፤ የሚሰፈረው የሌላ ሰው ዕድሜ ነውና።

የቀደሙት የኢትዮጵያ ሊቃውንት መልስ በቅኔ ቤት ሥርዓት ተገልጦ ይታያል። ተማሪው ቅኔ ቤት ሲገባ ሰዋስው ተምረህ እስክትጨርስ ድረስ ዝም ብለህ አድምጥ አይባልም። ግሡን እያጠና፥ አገባቡን እየሰማ፥ ሁለት ቤት ካላት ከጉባኤ ቃና ጀምሮ የራሱን ቅኔ ይቈጥራል። ከጓደኞቹ ተለይቶ በዛፍ ሥር ወይም በቤተ ክርስቲያን ዙሪያ ብቻውን ተቀምጦ ያወጣውን ቅኔ ለመምህሩ ይነግራል፤ መምህሩም ስሕተቱን እዚያው ያቀናለታል። ጉባኤ ቃና ሲሆንለት ወደ ዘአምላኪየና ወደ ሚበዝኁ፥ ከዚያም ስድስት ቤት ወዳለው ወደ ሥላሴ፥ ኋላም ስምንት ቤት ወዳለው ወደ መወድስ ይወጣል። የቤቱ ቍጥር ከፍ የሚለው የተማሪው ጕልበት ከፍ ሲል ነው። ስሕተቱም እንደ ነውር አይቈጠርበትም፤ ያልተሳሳተ ተማሪ ምን እንደ ጐደለው መምህሩ በምን ያውቃል?

የንባብ ቤት ነገር ግን ከዚህ ይለያል። ሕፃኑ ፊደሉን፥ አቡጊዳውን፥ ሐዋርያውን፥ በመጨረሻም 150ውን መዝሙረ ዳዊት በግዕዝ ያነባል፤ ትርጕሙ ግን ይዘገይበታል። በልጅነት የተያዘ ቃል አይጠፋም፥ ምሥጢሩም በጊዜው ይፈታል የሚሉ አሉ። ትርጓሜ ቤት ለደረሰ ሰው ይህ እውነት ነው። ዳዊት ደግሞ ወደ እርሻው የተመለሰው ግን መክፈቻ ያልተሰጠውን ሣጥን ተሸክሞ ይኖራል፤ እንዲህ ያለውም ከደረሰው ይበዛል።

በአዲስ አበባ የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት ከተከፈተ ወዲህ ሌላ ዐይነት አሰፋፈር እየተስፋፋ ሄደ። በዚህኛው ደወሉና ዓመቱ የተወሰኑ ናቸው፤ የሚገኘው እውቀት ግን እንደ ልጁ ይለያያል። በቅኔ ቤት ደግሞ እውቀቱ የተወሰነ ሆኖ ጊዜው ይለያያል። ማካፈል ያልገባው ልጅ ዓመቱ አልቋልና ወደ ክፍልፋይ ሒሳብ ሲገፋ ግልጥ በደል ነው፤ ከዚያ በኋላ የሚሰማው ሁሉ ጩኸት ይሆንበታል።

ሆኖም የቅኔ ቤቱ ይሻላል ብሎ በችኰላ መፍረድ አይገባም። በዚያ የሚዘገየው ተማሪ ደበሎ ለብሶ፥ አኩፋዳ አንግቶ፥ በየደጁ ቍራሽ እየለመነ የሚማር ነው። ለባለጸጋ ልጅ ሁለት ዓመት መጨመር ቀላል ነው፤ ለእርሱ ግን ሁለት ክረምት ረኀብ ነው። ስለዚህ እኔ የተቸገርሁበትን እርሱም ይቸገርበት በማለት ብቻ የማይጠቅም ክፍል የሚያቈይ መምህር፥ ከድኻ እንጀራ ላይ እንደሚወስድ ሰው ይቈጠራል። አንድ መምህር ለብዙ ልጆች ለየብቻ መስፈር አይችልም የሚለው ምክንያት እውነት ቢሆንም ሊቃውንቱ አስቀድመው አስበውበታል፤ በጉባኤያቸው ከፍ ያለው ተማሪ ዝቅ ያለውን ያስጠናል፥ ያርመውማል። የከተማው ትምህርት ቤት ይህን ልማድ ለመውሰድ አዲስ ቤትም አዲስ ደመወዝም አያስፈልገውም።