የደረቀ ምጣድ

በአንድ ሆስፒታል ማዋለጃ ክፍል 28 ዓመት ያገለገለች ነርስ ነበረች። የተወለደውን ሕፃን ወዲያው በለብታ ውኃ አጥባ፣ በነጭ ጨርቅ ጠቅልላ ስታስረክብ ቤተ ዘመዱ ሁሉ «ሲስተር፣ እጅሽ ይባረክ!» ይላት ነበር።

በ52 ዓመቷ በጨቅላ ሕፃናት ነርሲንግ ሁለተኛ ዲግሪ ልትማር ተመዘገበች። ይህን የሰማች ባልደረባዋ «እህቴ፣ ሳይደርቅ በእርጥቡ ነው የሚባለው። አሁንማ ደርቀሽ!» ብላ ሳቀችባት።

ክፍል ውስጥ ከልጆቿ እኩዮች ጋር ተቀመጠች። መነጽሯን የረሳች ዕለት ጎረቤቷ ወጣት ሰሌዳውን ያነብላታል፤ በልምምድ ሰዓት ደግሞ እሷ የጨቅላ ደም ሥር በጣት ዳብሶ ማግኘትን ታሳየዋለች። ይህ አልከበዳትም። የከበዳት ሌላ ነው።

አንድ ቀን መምህሩ እንዲህ አለ፦ «ሕፃን እንደተወለደ አይታጠብም፤ ቢያንስ 24 ሰዓት ይቆይ። ውኃው ከገላው ሲተን ሙቀቱን ይዞበት ይሄዳል። ከ36.5 ዲግሪ በታች ከወረደ የደም ስኳሩ ሊወርድ፣ ትንፋሹም ሊደክም ይችላል። ሲወለድ ገላው ላይ ያለው ነጭ ቅባት ልብሱ ነው፤ አትግፈፉት። አድርቁና እናቱ ደረት ላይ አስተኙት። በ1978 እ.ኤ.አ. ቦጎታ ላይ ኢንኩቤተር ያጠራቸው ሐኪሞች ያለጊዜያቸው የተወለዱትን ያሞቁት በእናት ገላ ነው።»

ወጣቶቹ ጻፉ። የእሷ እስክሪብቶ ቆመ። ለእነሱ አዲስ ትምህርት ነው፤ ለእሷ የ28 ዓመት ሒሳብ። ገላው ቀዝቅዞ ያደረው፣ ጡት አልይዝ ያለው፣ «እግዜር ወሰደው» የተባለው... ከእነዚያ ውስጥ የእኔ እጅ ያለበት ስንቱ ይሆን?

ሳምንት ሙሉ ከትምህርት ቀረች። ቅዳሜ እናቷ ቤት ስትደርስ እንጀራ እየጋገሩ ነው፤ እንጀራው ከምጣዱ አልላቀቅ ብሎ ይቦጫጨቃል። አሮጊቷ አልተበሳጩም። ምጣዱን አግለው የጎመን ዘር በተኑበትና እስኪወዛ ድረስ በማሰሻ አሹት።

«እማዬ፣ የደረቀ ነገር ደግሞ ይቃናል?»

«ምን ነካሽ! እርጥብ ሸክላ ማን ያሟሻል? ምጣድ የሚሟሸው ደርቆ፣ እሳት ካየ በኋላ ነው።»

«የተበላሸው እንጀራስ?»

እናትየው የተቦጫጨቀውን አየት አደረጉት። «እሱማ ተበላሸ። ሊጡ ግን አላለቀም።»

ሰኞ ክፍል ገባች።

ከተመረቀች በኋላ አንድ ሌሊት፣ ያቺው የሳቀችባት ባልደረባዋ አዲስ የተወለደ ሕፃን ልታጥብ ሳፋ ይዛ መጣች። ነርሷ እጇን ሳፋው ላይ አሳረፈች። «ተይው እህቴ። እኔም 28 ዓመት አጥቤአለሁ» አለቻትና ምክንያቱን ቀስ ብላ ነገረቻት። መጽሐፍ ጠቅሳ ብትነግራት ኖሮ ባልደረባዋ ትከራከራት ነበር፤ ለዚህ ግን መልስ አጣች። ሳፋውን አስቀመጠች።

በዕድሜ የሚማር ሰው ሁለት ጊዜ ይከፍላል፤ አንዱን ለሚይዘው፣ ሌላውን ለሚተወው። ሁለተኛው ይከብዳል፤ ሌላውን ሰው የሚመልሰውም እሱ ነው።

ሕፃኑ ደርቆ እናቱ ደረት ላይ ተኛ። አያትየው «ሳይታጠብ?» ብለው ፊታቸውን አዞሩ። ያን ሌሊት እጅሽ ይባረክ ያላት የለም። ነርሷ የሕፃኑን እግር ዳሰሰች።

ሞቋል።